«ዘ ቲንግ ፍሮም ዘ ፊውቸር» የካርድ ጌም፦ ወረዳ መስኮት ጀርባ ቁጭ ብለን ካየን በኋላ ስንጫወተው

ስለዚህ ካርድ «ልግዛው ወይ» እያለ በውስጥ መስመር የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ አንዴ እዚህ ልጻፈው። ባጭሩ መልሴ፦ አዎ ግዙት፣ ካልሆነም አትማችሁ ተጠቀሙበት፣ ግን ሰው ሰብስባችሁ ዝም ብላችሁ ጠረጴዛ ላይ እንዳትዘረጉት። መጀመሪያ እንዲሻሻል የምትፈልጉት ቢሮ ውስጥ ገብታችሁ ቁጭ በሉ፣ ሰራተኛው ቀኑን ሙሉ ምን እያደረገ እንደሚውል እዩ፣ ከዛ በኋላ ነው ይሄ ካርድ ጉልበት የሚኖረው። እኛ የተጠቀምንበት በኮንዶሚኒየም ማህበራችን በኩል ነው፣ ጉዳዩ ደሞ ነዋሪው ወረዳ ላይ በሚጠራ ውይይት ለምን አይመጣም፣ የመጣውስ ለምን ተናዶ ይመለሳል የሚል ነበር።

ጌሙን ለማታውቁት፣ ስሙ «ከወደፊቱ የመጣ እቃ» እንደማለት ነው፣ ስቱዋርት ካንዲ እና ጄፍ ዋትሰን የሚባሉ ሰዎች ሲቹዌሽን ላብ በሚባል የዲዛይን ምርምር ቡድናቸው ስም እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጡት ነው። የመጀመሪያው እትም 108 ካርድ አለው፣ አራት አይነት። አንደኛው የወደፊቱ ጊዜ ምን አይነት እንደሆነና ምን ያህል ሩቅ እንደሆነ ይነግራችኋል፣ ሁለተኛው ስለምን ጉዳይ ወይ ስለየትኛው ቦታ እንደምታስቡ፣ ሶስተኛው ምን አይነት እቃ መፍጠር እንዳለባችሁ፣ አራተኛው ደሞ እቃው በሚያየው ሰው ላይ ምን ስሜት እንደሚያሳድር። አራቱን ትገልጡና ታገናኛላችሁ፣ በዛ ዘመን ውስጥ የሚኖረውን እቃ አጠር አድርጋችሁ ጽፋችሁ ለሌላው ታነባላችሁ፣ ሰዉ የወደደውን ይመርጣል፣ ያሸነፈው ካርዶቹን ይወስዳል። በቃ ይሄው ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ሁለተኛው እትም ወደ ሶስት አይነት ካርድ ስላሳጠረው ለጀማሪ ይቀላል፣ ለእንደዚህ አይነት ስራ ግን እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ ምክንያቱም የስሜት ካርዱ ለብቻው ስለሚወጣ ነው፣ ለምን እንደሆነ ወደታች እመጣበታለሁ።

እዚህ ጋር ጌሙ ስለሚመደብበት ስፔኩሌቲቭ ዲዛይን ስለሚባለው ነገር ትንሽ ልበል። ነገ ገበያ ላይ የሚሸጥ እቃ መስራት አይደለም ስራው፣ ወደፊት ሊኖር የሚችል ኑሮ ውስጥ የሚገኝ እቃ ሰርቶ ሰው እንዲነካውና «እንዲህ እንድንኖር እንፈልጋለን ወይ» ብሎ እንዲከራከር ማድረግ ነው። በዚህ መንገድ ህዝብ ከተወያየባቸው በጣም ከምወዳቸው አንዱ እ.ኤ.አ. በ2006 የአሜሪካ ግዛት በሆነችው ሃዋይ ላይ የተደረገው ነው። ግዛቱ እስከ 2050 የሚሄድ እቅድ ሊያወጣ ሲነሳ ከ500 በላይ ሰው ጠርተው ዶክመንት ከማደል ይልቅ አራት ክፍል አዘጋጁ፣ እያንዳንዱ ክፍል አንድ አይነት 2050 ነበር፣ ሰዉ ገብቶ እንደዛ ዘመን ሰው ሆኖ ቆየበትና ከዛ ወጥቶ ተወያየ። ካንዲም ከአዘጋጆቹ አንዱ ነበር። አራቱ የመጡት ጂም ዳተር ከሚባለው የሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ነው፣ ሰው ስለወደፊት የሚያወራውን ብትሰበስቡት ወይ እድገት ነው፣ ወይ መፍረስ ነው፣ ወይ ተቆጥቦ በስርዓት መኖር ነው፣ ወይ ደሞ ነገሩ ሁሉ ከስሩ የሚቀየርበት ነው የሚል ሀሳብ አለው። ካርዱም ይሄንኑ ነው የወሰደው። እስቲ እኛ ጋ የሚጠሩ ስብሰባዎችን አስቡት፣ ከአራቱ የመጀመሪያው ብቻ ነው የሚወራው፣ እድገት እድገት እድገት። ሌሎቹ ሶስቱ እቤት ነው የሚወሩት። ካርዱ ሌሎቹንም ጠረጴዛ ላይ ማምጣቱ ብቻውን ለኔ የሚገዛበት ምክንያት ነው።

አሁን ግን ችግሩን ልንገራችሁ። ካርዱን ብቻ ይዛችሁ ከገባችሁ ሰዉ የሚፈጥረው እቃ ሁሉ በአየር ላይ የሚንሳፈፍ ነው የሚሆነው፣ ድሮን መታወቂያ ያመጣል፣ ሮቦት ማህተም ይመታል፣ አፕ ሁሉን ይጨርሳል። ደስ ይላል ይሳቃል ግን ከቢሮው ጋር ምንም አይገናኝም። ስለዚህ እኛ መጀመሪያ ያደረግነው የስራ ቦታ ኢትኖግራፊ የሚባለውን ነው፣ ማለትም ስራው ሲሰራ እዛው ሆኖ ማየት፣ መጻፍ፣ ሰራተኛውን «ምን ትሰራለህ» ብሎ ከመጠየቅ በፊት ሲሰራ መመልከት። ይሄ መንገድ ስሙን ካተረፈባቸው ቦታዎች አንዱ የፎቶ ኮፒ ማሽን የሚሰራው የዜሮክስ ኩባንያ አሜሪካ ፓሎ አልቶ የነበረው የምርምር ማዕከል ነው። ሉሲ ሰችማን የምትባል አንትሮፖሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሰው የፎቶ ኮፒ ማሽን ሲጠቀም በቪዲዮ ቀረጸች፣ እዛው የሚሰሩ አሉ የተባሉ የኮምፒውተር ሳይንቲስቶች ሳይቀሩ ወረቀት ፊትና ኋላ ለማባዛት ማሽኑ ፊት ግራ ሲጋቡ ታዩ። ጥፋቱ የተጠቃሚው ነው ይባል የነበረው ነገር በዛ ቪዲዮ ተቀየረ። ከሷ በኋላ ጁሊያን ኦር የሚባለው ደሞ የማሽኑን ጠጋኞች ተከትሎ ዋለ፣ ያየው ነገር ጠጋኞቹ ከማኑዋሉ ይልቅ ቁርስና ምሳ ላይ እየተገናኙ በሚያወሩት ወሬ ነው ማሽን የሚያስተካክሉት። ማይክል ሊፕስኪ የሚባል የፖለቲካ ሳይንስ ሰው ደሞ እ.ኤ.አ. በ1980 ያለው አለ፣ መመሪያ ላይ ምንም ይጻፍ ምን ህዝቡ የሚያገኘው መንግስት መስኮት ላይ ያለው ሰራተኛ በየቀኑ የሚወስነው ውሳኔ ነው ይላል። እኔ ይሄን ሳነብ የገባኝ ነገር ቢኖር የነዋሪ ተሳትፎ ብለን አዳራሽ ውስጥ የምናወራው ነገር መስኮቱን ካላየ ባዶ እንደሆነ ነው።

እሺ ወረዳው። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፣ አስፈላጊም አይደለም፣ አንብባችሁ ስትጨርሱ የናንተም ይመስላችኋል። ደብዳቤ አስገብተን፣ ማህተም አስመትተን፣ ሃላፊው ከብዙ ጥያቄ በኋላ ፈቀደልን፣ የባለጉዳይ ስምና ጉዳይ እንዳንጽፍ፣ ፎቶ እንዳናነሳ ተስማማን፣ ይሄ ትክክል ነው ሌላውም ሰው እንዲህ ማድረግ አለበት። ከዛ ተራ በተራ እየገባን ጥግ ላይ ወንበር ይዘን ዋልን።

ያየነውን ሁሉ አልጽፍም ግን ሶስት ነገር ልንገራችሁ። አንደኛ፣ የግቢው በር ላይ ያሉት ጥበቃ። ቢሮው ውስጥ «መረጃ» የሚል ዴስክ አለ፣ ብዙ ጊዜ ሰው የለበትም፣ ሰዉም አይፈልገውም ምክንያቱም ገና በሩ ላይ ጋሼ ጥበቃው ጠይቀውት ጨርሰዋል። «ምን ፈልገህ ነው ልጄ? መሸኛ ነው? ከነበርክበት ክሊራንስ ይዘሃል? ፎቶ ስንት አለህ? ሁለት አይበቃም፣ ሂድና ጨምረህ ና፣ ባክህ አሁን ብትገባ ነገ ና ነው የምትባለው።» እኚህ ሰው በስራ መደባቸው ላይ የተጻፈው ፍተሻ ነው፣ የሚሰሩት ግን የመረጃ ዴስክ፣ የማረጋጊያና የወረፋ ስራ ነው፣ እና አዲስ መመሪያ ሲወጣ ማንም ጠርቶ አይነግራቸውም፣ ከባለጉዳይ ነው የሚሰሙት። ግድግዳው ላይ የዜጎች ቻርተር ተለጥፏል፣ የትኛው አገልግሎት በስንት ደቂቃ እንደሚያልቅ ይዘረዝራል፣ ከሰዉ አንድም ቀና ብሎ ያነበበው አላየሁም፣ ሁሉም ጋሼን ነው የሚያነበው።

ሁለተኛ፣ ከግቢው ውጪ። ፎቶ ኮፒ ቤቶቹና ጃንጥላ ስር የተቀመጡት ማመልከቻ ጸሐፊዎች የቢሮው ግማሽ ናቸው። ፎርም የሚሞላው እዛ ነው፣ የትኛው ሰራተኛ ዛሬ እንዳልገባ የሚታወቀው እዛ ነው፣ የትኛው ቃል ማመልከቻው ላይ ካልገባ እንደሚመለስ የሚታወቀው እዛ ነው። ይሄ ሁሉ እውቀት ለቢሮው ምንም አይደርሰውም።

ሶስተኛው ለኔ ትልቁ ነው። መስኮት ላይ ያለችው እህታችን ከኮምፒውተሩ ጎን አንድ ባለ ጠንካራ ሽፋን ደብተር አላት፣ በራሷ ገንዘብ የገዛችው። ሲስተም ሲቋረጥ የመጣውን ሰው ስም፣ የሚፈልገውን፣ የጎደለውን ወረቀት በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ ትጽፋለች፣ ቀይ ማለት ከኛ ነው ችግሩ፣ ሰማያዊ ማለት ባለጉዳዩ የሚያሟላው አለ። ሲስተሙ ሲመለስ ከደብተሩ ላይ እያየች ስልክ ትደውላለች፣ በራሷ ካርድ። የመስሪያ ቤቱ ሪፖርት ላይ ግን የሚታየው በቀን ስንት ሰው አስተናገደች የሚለው ብቻ ነው፣ ስለዚህ ሲስተም የጠፋ ቀን እሷ ሰነፍ ትሆናለች። ባለጉዳዩ ደሞ ከመስታወቱ ማዶ ሆኖ የሚያየው ጎንበስ ብላ ስትጽፍ ነው፣ «እኛ ቆመን እሷ ትጽፋለች» ይላል፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በጣም ነው ያሳዘነኝ፣ ለሰዉ ብላ የምትሰራው ነገር ራሱ ነው ከሰዉ ጋር የሚያጣላት።

ከዛ ካርዱ። የጨዋታውን ቀን ቅዳሜ ከሰዓት አደረግነው፣ የማህበሩ ግቢ ውስጥ፣ ቡና ተፈልቶ። ነዋሪው፣ ጋሼ ጥበቃው፣ የመስኮቷ እህታችንና አንድ ባልደረባዋ፣ ከማመልከቻ ጸሐፊዎቹ አንድ ሰው መጡ፣ ሃላፊው እንዳይገኝ ተስማምተናል እሱም በደስታ ነው የተቀበለው። በየጠረጴዛው ሰራተኛና ነዋሪ ቀላቅለን አስቀመጥን። ከጌሙ የቀየርነው ዋናው ነገር የጉዳይ ካርዶቹን ነው፣ ኦሪጅናሎቹን ወደጎን ትተን ከማስታወሻችን ያወጣናቸውን በአማርኛ በእጃችን ጻፍን፦ መሸኛ፣ የጥበቃው በር፣ ወረፋ፣ ቀዩ እስክሪብቶ፣ ሲስተም የለም፣ የጠፋ ፋይል፣ የአስተያየት መስጫ ሳጥን። የቀሩትንም ካርዶች ወደ አማርኛ መልሰናል። ይሄን ካደረጋችሁ ድሮንና ሮቦቱ በአብዛኛው ይቀራል ምክንያቱም ጉዳዩ ራሱ ሰዉን መሬት ላይ ያቆየዋል።

አንዱን ዙር እንዳለ ልንገራችሁ። የወጣው ካርድ ይሄ ነበር፦ ከአስር አመት በኋላ፣ ተቆጥቦ በስርዓት የሚኖርበት ዘመን፣ ጉዳዩ «ሲስተም የለም»፣ እቃው ደረሰኝ፣ ስሜቱ እፎይታ። ጠረጴዛው ላይ ከነበሩት አንዷ እማማ ናቸው፣ ማንበብና መጻፍ ስለማይመቻቸው አንድ ወጣት የሚሉትን ይጽፍላቸዋል። ትንሽ አሰቡና «የነገ ና ደረሰኝ» አሉ። ምንድነው እማማ ሲባሉ፣ በዛ ዘመን ማንም ሰው ባዶ እጁን ነገ ና አይባልም አሉ፣ ነገ ና ያለው ሰው ደረሰኝ ይቆርጣል፣ ደረሰኙ ላይ ለምን እንደተመለስኩ፣ የጎደለው ከኔ ይሁን ከነሱ፣ ይጻፍበታል፣ በማግስቱ ደረሰኝ ያለው ሰው ሰልፍ አይሰለፍም፣ ቀድሞ ይገባል፣ መብራትና ኔትወርክ በፕሮግራም በሚሰጥበት ዘመን ሰው ጉልበቱን መቆጠብ አለበትና። ከዛ እህታችን ምን ብትል ጥሩ ነው፣ «እማማ፣ እኔ'ኮ ይሄን ደረሰኝ ከርሶ በላይ ነው የምፈልገው፣ ኮፒው እኔ ጋ ከቀረ የቆረጥኩትን ቆጥሬ ሲስተም ስንት ሰው እንዳስመለሰብኝ ለአለቃዬ አሳያለሁ» አለች። ጠረጴዛው ዝም አለ። ከዛ ደብተሯን ከቦርሳዋ አውጥታ ቀዩን አሳየቻቸው፣ እማማ ገጹን በጣታቸው እየነኩ «ይሄ ሁሉ ሰው ነው?» ሲሉ እዛው ነበርኩ።

ይሄን ነው ስብሰባ ላይ ማግኘት የማይቻለው። አዳራሽ ውስጥ ማይክ የሚይዙት የታወቁ ሰዎች ናቸው፣ «መልካም አስተዳደር ይሻሻል» ይባላል፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል፣ ሰራተኛው እንደተከሳሽ መድረክ ፊት ይቀመጣል። ካርዱ ግን እማማንና እህታችንን አንድ እቃ አንድ ላይ እንዲሰሩ አስገደዳቸው፣ የስሜት ካርዱ ደሞ፣ ቅድም ያልኳችሁ፣ ሰዉ ስለቢሮው ሲያወራ ከቁጣ ውጪ ሌላ በር ከፈተለት። እፎይታ የሚል ካርድ ባይወጣ ኖሮ ያ ደረሰኝ የቅጣት ወረቀት ይሆን ነበር፣ ሌላ ጠረጴዛ ላይ እንደዛው ሆኖ ወጥቷል፣ ሰራተኛው የሚከሰስበት ወረቀት፣ እና ያኛው ጠረጴዛ ላይ የነበረው ሰራተኛ እስከመጨረሻው አፉን አልከፈተም።

ደረሰኙ በኋላ ለሃላፊው ቀረበ። አሁን አንድ መስኮት ላይ በተቆረጠ ኤ4 ሩብ ወረቀት እየተሞከረ ነው፣ ሁለት ቅጂ፣ አንዱ ለባለጉዳይ አንዱ ለመስኮት። ቀድሞ ይገባል የሚለው ክፍል ገና አልጸደቀም፣ ሌሎች ባለጉዳዮች ቅሬታ ያነሳሉ ተብሎ ተይዟል፣ እኔ ግን ያለሱ ደረሰኙ ግማሽ ነው ባይ ነኝ፣ እየተከራከርን ነው። ጋሼ ጥበቃውም አዲስ መመሪያ ሲመጣ አብረው ብሪፊንግ እንዲገቡ ተወስኗል፣ ይሄኛው ካርድ ሳይፈልግ ከማስታወሻችን ብቻ የመጣ ነው። የውይይቱ ጥሪ ሲወጣ ደሞ ከዛ ቅዳሜ የነበሩት ሰዎች ሌላ ሰው ይዘው መጥተዋል።

አሁን የማልወደው ነገር። የምርጫው ህግ ችግር አለው፣ ሰዉ የሚያስቀውን ነው የሚመርጠው፣ ስለዚህ እኛ ሁለት ምርጫ አደረግነው፣ አንዱ ሁሉም የሚመርጠው፣ ሌላው ጠረጴዛው ላይ ያለው ሰራተኛ ብቻ «ይሄ ስራዬን ያቀልልኛል» ብሎ የሚመርጠው፣ ሁለተኛው ነው የሚጠቅማችሁ። ጽሑፍ ላይ የተመሰረተ ጨዋታ መሆኑም ብዙ ሰው ያስቀራል፣ ለየጠረጴዛው ጸሐፊ መድቡ። የመፍረስ ካርዱን በተመለከተ ደሞ በጣም እንድትጠነቀቁ ነው የምለምነው። ካርዱን የሰሩት ሰዎች ጋ መፍረስ ሃሳብ ሊሆን ይችላል፣ እኛ ጋ ግን ጠረጴዛው ላይ ከጦርነት የተፈናቀለ፣ ቤቱ የፈረሰበት ሰው ይኖራል፣ ካርዱ ሲወጣ አንድ አባት ፊታቸው ተለወጠና ተነስተው ወጡ። ከዛ ጀምሮ እሱን ካርድ ክምሩ ውስጥ አናስገባም፣ ሰዉ ራሱ ከፈለገ ብቻ ይጠይቃል።

ሌላው፣ ጌሙ ራሱ ሰራተኛውን እንዴት እንደምትጠብቁት ምንም አይነግራችሁም። ያያችሁትን ደብተር ለሃላፊ ከመናገራችሁ በፊት ባለቤቷን አስፈቅዱ፣ ጓዳ ውስጥ በደግነት የሚሰራ ነገር አደባባይ ሲወጣ መመሪያ መጣስ ተብሎ ሊያስጠይቃት ይችላል። እኛ እሷ ራሷ ካላወጣችው አናነሳውም ብለን ነበር የገባነው።

እንደ መሶብ ያሉ የአንድ ማዕከል አገልግሎቶች እየተከፈቱ ፋይዳም እየተስፋፋ ባለበት ሰዓት ይሄ ስራ ምን ያደርጋል ብላችሁ ለምትጠይቁኝ፣ እኔ እንደውም አሁን ነው ጊዜው ባይ ነኝ። ሲስተሙ ሲቀየር የጋሼ ጥበቃው ስራ ወዴት ይሄዳል፣ የጃንጥላው ስር ጸሐፊ የሚያውቀውን ማን ይወስደዋል፣ ቀዩ እስክሪብቶ የትኛው ስክሪን ላይ ይገባል። ይሄ ሳይታይ ሲስተም ከተሰራ እህታችን ሌላ ደብተር መግዛቷ አይቀርም።

ለካርዱ ብቻውን ከአምስት ሶስት፣ ከመስኮት ጀርባ ቆይታ ጋር ከአምስት አምስት እሰጠዋለሁ። የመጀመሪያው እትም እቤት የሚታተም ፋይልም ነበረው፣ እኛ ማተሚያ ቤት ወስደን ወፈር ያለ ወረቀት ላይ ነው ያሳተምነው፣ ቀጭን ወረቀት ከሆነ ቡና ሲነካው ያልቃል። በአማርኛ የጻፍናቸውን የጉዳይ ካርዶች የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ እልክላችኋለሁ፣ ባህር ዳርም ሀዋሳም ድሬዳዋም ያላችሁ የራሳችሁን መስኮት አይታችሁ የጻፋችሁትን ካርድ ብትልኩልኝ ደሞ በጣም ደስ ይለኛል፣ በተለይ ከወሳኝ ኩነት ምዝገባና ከጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል የመጣ እስካሁን የለንም።